ሽታ ያስወግዳል የተባለው የብረት ሳሙና፦ ከአንድ ዓመት አጠቃቀም በኋላ የቀረበ ግምገማ

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ፣ ቅርጹ የገላ ሳሙና የሚመስል፣ ሲያነሡት ግን ከበድና ቀዝቀዝ የሚል፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ዕቃ በስጦታ አመጣችልኝ። ማሸጊያው ላይ የሰፈረው ጽሑፍ የሽንኩርት፣ የነጭ ሽንኩርትና የአሳ ሽታን ከእጅ ላይ እንደሚያስወግድ፣ አረፋም ሆነ ሽቶ እንደሌለው፣ ምንም ያህል ቢገለገሉበት እንደማያልቅ ይናገራል። በአሜሪካ የወጥ ቤት ዕቃ መደብሮች ይህን መሰሉን ዕቃ የተለያዩ አምራቾች የሚያቀርቡት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ስጦታውን በታላቅ ደስታ ተቀበልኩት፤ የእጅ ሽታ ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ነውና።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የምንበላው በእጃችን ነው፤ የምንወደውን ሰው የምናጎርሰውም በእጃችን ነው። ቅዳሜ ማታ የወቀጥኩት ነጭ ሽንኩርት ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ወረቀት ሳገላብጥ ከጣቶቼ ይሸተኛል። ልጄ ገና ሕፃን ሳለ አፉን ልጠርግለት እጄን ሳስጠጋ ፊቱን ያዞርብኝ የነበረበትን ጊዜ ዛሬም አልረሳውም። በዚያን ጊዜ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቤ እንኳ ሽታው አልለቀቀኝም ነበር። ስለዚህ ይህን ዕቃ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ ከዚያም ወዲህ እስካሁን ድረስ በየጊዜው እየሞከርኩ ያየሁትን ሁሉ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ሽታው ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልታወቀ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሽታ እንደሚሆን መለየት አይቻልምና። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት እምብዛም አይሸትም። በውስጡ አሊን የተባለ ድኝ አዘል ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም በየራሳቸው ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ቢላዋ ወይም ዘነዘና መለያያቸውን ሲያፈርሰው ይገናኙና በሴኮንዶች ውስጥ አሊሲን የሚባለውንና ያን የምናውቀውን ኃይለኛ ሽታ የያዘውን ውህድ ይሠራሉ። አሊሲንን ነጥለው ያወጡት ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1944 ነበር። አሊሲን ሳይቆይ ወደ ሌሎች ድኝ አዘል ውህዶች ይለወጣል፤ እነዚህም ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋር የሚስማሙ በመሆናቸው በቆዳችን ወዝ ውስጥ፣ በጣት መስመሮችና በጥፍር ሥር ይሸሸጋሉ። ከዚህም በላይ አሊሲን ራሱ ድኝ ካላቸው ፕሮቲኖች ጋር በቀላሉ ይጣመራል፤ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የተሠራበት ኬራቲንም ከእነዚሁ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። እጅን በውሃ ብቻ ማለቃለቅ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀይ ሽንኩርትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ዓይን የሚያስለቅስ ሌላ ጋዝ ይጨምራል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን አስለቃሽ ጋዝ የሚያመነጨው ለብቻው የሆነ ሌላ ኢንዛይም መሆኑን አሳይተዋል። ጋዙ በንኖ ይሄዳል፤ እጅ ላይ የሚቀረው ግን የድኙ ሽታ ነው።

ሙከራዬን የጀመርኩት በአበሻ ነጭ ሽንኩርት ነበር። የአበሻ ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ግማሽ ኪሎ ለመላጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ጥፍርም በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ከእርሱ የተሻለ ፈታኝ አይገኝም። ግማሽ ኪሎውን ልጬ ከዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ከወቀጥኩት በኋላ ቀኝ እጄን በብረቱ ሳሙና እያሻሸሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በቧንቧ ውሃ ታጠብኩ፤ ግራ እጄን ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ በውሃ ብቻ አጠብኩ። ከዚያም እህቴን ዓይኗን በነጠላ ሸፍኜ ሁለቱንም አሸተትኳት። ቀኙ መቀነሱን ያለማመንታት ነገረችኝ። እንዲህም ሆኖ፣ «ይሄኛው ደህና ነው፤ ግን ነጭ ሽንኩርት መያዝሽን አሁንም ያስታውቃል» አለችኝ። ፍርዷ ትክክል ነበር፤ እኔም ራሴ በመዳፌ ላይ ሽታው እንደ ለዘበ፣ በጥፍሬ ሥር ግን ምንም እንዳልተነካ አረጋገጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ዕቃው የተሠራው ከማይዝግ ብረት ከሆነ ቤቴ ያለው ጭልፋም ከዚያው ነው፤ ማንኪያውም፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳም እንዲሁ። ስለዚህ በዚያው መጠን ነጭ ሽንኩርት ልጬና ወቅጬ አንዱን እጄን በብረቱ ሳሙና፣ ሌላውን በጭልፋው ጀርባ አሸሁ። እህቴ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አሽትታ መለየት አቃታት። በሌላ ቀን ለባለቤቴ ሳላስረዳ አሸተትኩት፤ እርሱም አልለየም። በዚህ ግምገማ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ብረቱ ነጭ ሽንኩርት ላይ ይረዳል፣ ነገር ግን የሚረዳው ብረት አስቀድሞ በእያንዳንዳችን መሳቢያ ውስጥ አለ።

ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ሲሆን፣ ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ዝገት አይደፍረውም። በሼፊልድ ከተማ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን መሰሉን ብረት ሲያወጣ ይመረምር የነበረው የጠመንጃ አፈሙዝን ነበር፤ ሆኖም ሼፊልድ የቢላዋና የማንኪያ ከተማ በመሆኗ ብረቱ ብዙ ሳይቆይ ወደ ገበታ ዕቃ ተሸጋገረ። በማንኪያ ጀርባ ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ የምታገኙ ከሆነ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለበት ማለት ነው። የብረቱ ሳሙና ሻጮች ሽታው የሚለቀው የድኙ ውህዶች ከቆዳ ይልቅ ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቁ ነው ይላሉ። ይህ አባባል ሊሆን የሚችል ማብራሪያ ነው፤ ሆኖም ከሻጮች ቃል አልፎ በጠንካራ ምርመራ ጸንቶ የቆመ እውነት ተደርጎ መቅረብ የለበትም። እኔ እንደምገምተው ከሥራው ከፊሉ የብረቱ ቢሆንም፣ ከፊሉ እጅን ለግማሽ ደቂቃ በትዕግሥት የማሸት ውጤት ነው፤ ብዙዎቻችን እጃችንን በሳሙና ስንታጠብ ያን ያህል ጊዜ አንቆይም።

ማሸጊያው ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ ይላል። ሁለቱንም ሞክሬ ልዩነት አላየሁም።

ትልቁ ፈተና የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያን ዕለት እጅ ላይ የሚያርፈው አንድ ሽታ ብቻ አይደለም። የተለበለበው ላባ፣ ጥሬ ሥጋው፣ ለቁሌቱ የተከተፈው በርካታ ኪሎ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ መከለሻው፣ የተነጠረው ቅቤ ሁሉ ተደራርቦ ያርፋል። በዚህ ላይ የብረቱ ሳሙና ደከመ። የሽንኩርቱን ሽታ ሲያለዝበው ሥሩ ያለው የዶሮው ሽታ ጎልቶ ወጣ፤ ቅቤውን ደግሞ ጭራሽ አልነካውም፤ እንዲያውም ብረቱ ራሱ ቅባት ይዞ ከእጄ እያሟለጨ ሁለት ጊዜ ወደቀ። እናቴ ከጎኔ ሆና ብልቱን በሎሚና በጨው እያሸች ስታጥብ ነበርና፣ «እጅሽንም እዚሁ ንከሪው፤ ለዶሮው የሆነ ለእጅሽ ምን ያንሰዋል» አለችኝ። ነከርኩት፤ የዶሮው ሽታ ለቀቀ። ጨው ይፈገፍጋል፣ ሎሚው ደግሞ አሲድ ነው፤ ከሥጋና ከአሳ የሚመጣውን ክርፋት ለመግደል አሲድ ከብረት እጅግ ይበልጣል።

የአሳው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ማሸጊያው የሰጠውን ተስፋ ፈጽሞ አላሟላም። የአሳ ክርፋት በአብዛኛው የሚመጣው ትራይሜቲላሚን ከሚባል ውህድ ሲሆን፣ ይህ ውህድ በባሕርዩ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። አሲድ ሲያገኘው ወደማይተን ጨው ይለወጣል፤ የማይተን ነገር ደግሞ አፍንጫ ጋ አይደርስም። እንደ ባቱ ካሉ ሐይቆቻችን የሚመጣው አሳ ከዚህ በተጨማሪ አንዳንዴ የጭቃ ሽታ ይኖረዋል፤ ይህ በውሃው ውስጥ ያሉ ደቃቅ ነፍሳት ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ነገር የሚመጣ ነው፤ እርሱንም ቢሆን አሲድ ያዳክመዋል። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ባጸዳሁበት ቀን ሁሉ ግማሽ ሎሚ የሠራውን የብረቱ ሳሙና ሊሠራው አልቻለም።

ስለ ሎሚ ይህን ያህል ካመሰገንኩ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር ማለፍ ኃላፊነት የጎደለው ይሆንብኛል። በአገራችን ሎሚ የምንለው ደቃቁ፣ ልጣጩ ስስ የሆነው ፍሬ በሌላው ዓለም «ላይም» (lime) ተብሎ የሚታወቀው ሲሆን፣ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። የሎሚ ጭማቂ ወይም የልጣጩ ዘይት እጁ ላይ እያለ ፀሐይ የወጣበት ሰው ቆዳው ሊቃጠል፣ ውሃ ሊቋጥር፣ ሲድንም ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተውበት ይችላል። በሎሚ ከታሹ በኋላ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ግቢ ውስጥ ወይም ደጅ ላይ በፀሐይ የሚሠራ ሰውማ ሎሚውን ለማታ ቢያቆየው ይሻላል። የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ እጅ ላይ የሚያቃጥለውን መናገርም አያስፈልግም።

ቅቤ ላይ ደግሞ ሎሚ ምንም አይፈይድም፤ ይህን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የበሰለ ቅቤ ያ ጠንካራ ሽታው ከሚመጣባቸው ነገሮች ዋነኛው ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ስሙም ቅቤ ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። ራሱ አሲድ የሆነን ነገር በአሲድ ማጥፋት አይቻልም። እዚህ ላይ የሚሠራው ተራው ደረቅ ሳሙና ነው፤ ደረቅ ሳሙና አልካሊ በመሆኑ አሲዱን ወደማይሸት ጨው ይለውጠዋል፣ በዚያው ጊዜም ቅባቱን ከቆዳ ላይ ያነሣዋል። ቅቤ ባነጠርኩበት ቀን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ስታጠብ ሽታው ሄዷል፤ በብረቱ ግን እጄ ብቻ ወዝቷል። ኮረሪማውና ኮሰረቱ በጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ቢቆዩ ደግሞ እኔ ቅር አይለኝም፤ ደስ የሚል መዓዛ ነው።

ቃሪያና ሚጥሚጣን በተመለከተ ችግሩ ከሽታው ይልቅ ማቃጠሉ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ አስቀድሞ እጅን በጥቂት የምግብ ዘይት ማሸትና ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይገባል። ብረቱ እዚህ ላይ ከንቱ ነው። ስለ አብሽ የሚጠይቁኝም አሉ። አብሽ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ሽታውን የሚሰጠው ሶቶሎን የተባለው ንጥረ ነገር ከተበላ ወይም ከተጠጣ በኋላ በላብና በሽንት የሚወጣ በመሆኑ፣ ለጡቷ ወተት ብላ የአብሽ ውሃ የምትጠጣ አራስ እጇን በምንም ብትታጠብ ከሰውነቷ የሚወጣውን ሽታ አታስቀረውም። የምትጨነቅበት ነገርም አይደለም፤ መጠጣቱን ስትተው ይተዋታል።

አንዳንድ ሰዎች ሽታው ሲያስመርራቸው እጃቸውን በበረኪና እንደሚታጠቡ አውቃለሁ፤ በድግስ ቤትም ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በረኪና የድኙን ሽታ ያጠፋል፣ ነገር ግን የቆዳን ወዝ አብሮ ያጠፋዋል፤ እጅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን የሽንኩርቱን ጭማቂ ከበፊቱ የበለጠ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከሁሉ የከፋው በሎሚ የታሸ እጅን በረኪና ውስጥ መንከር ወይም ሁለቱን በአንድ ሳህን መቀላቀል ነው፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የሆነውን ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። መስኮት በተዘጋበት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

የቡና አተላንም ሞክሬዋለሁ፤ ሦስተኛው ከተቀዳ በኋላ ጀበናው ውስጥ የሚቀረው አተላ ሻካራ በመሆኑ በጣት መስመሮች ውስጥ ያለውን ይፍቃል፣ የራሱ ዘይትና መዓዛም አለው። ነጭ ሽንኩርት ላይ ከብረቱ ያላነሰ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ጥፍር ሥር የሚቀረው ጥቁረት ግን በብሩሽ ካልሆነ አይወጣም፤ የመታጠቢያ ቧንቧ ውስጥ ሲከማችም ይደፍነዋልና ውሃውን ወደ አትክልት መድፋት ይመረጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ሙከራዎች በኋላ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት የጸናሁበት መንገድ የሚከተለው ነው። እጄ ከመርጠቡ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት መዳፌ ላይ አፍስሼ ጣት በጣት፣ በተለይም ጥፍሬን ከቦ ያለውን ቆዳ አሻለሁ፤ ሽታው ቅባት ወዳድ ነውና በቅባት ይወጣል። በዚያው ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ጨምሬ እንደገና አሻለሁ። ከዚያ በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥፍሬን አጥባለሁ፤ በመጨረሻም ውሃው እየፈሰሰ የጭልፋውን ጀርባ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አገላብጬ አሻለሁ። ዓይኗን የሸፈንኳት እህቴ በዚህ መንገድ ከታጠብኩ በኋላ የትኛው እጄ ነጭ ሽንኩርት እንደያዘ መናገር አልቻለችም። በብረቱ ብቻ ታጥቤ ይህን ውጤት አንድም ቀን አላገኘሁም።

ከመታጠብ በፊት የሚደረግ ነገርም አለ፣ እርሱም ከሁሉ ይቀላል። የተሳለ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚቆርጠው እንጂ ስለማይጨፈልቀው የሚወጣው ጭማቂ ያንሳል። ሽንኩርቱን ከመክተፍ በፊት ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ በፈላ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ቢነከር በቀላሉ ይላጣል፣ ሽታውም ይለዝባል፤ ሙቀት ኢንዛይሙን የሚገድለው በመሆኑ ግን የወጡም ጣዕም ስለሚለዝብ፣ ለሽሮ ወይም ለአዋዜ የሚሆነውን እንዲህ ባደርገው አልወድም። ጓንት የሚያደርጉ አሉ፤ ለድግስ ሥራ ጥሩ ነው። እኔ ግን የአበሻ ነጭ ሽንኩርትን በጓንት መላጥ አልቻልኩበትም፤ ጥፍር የሚሠራውን ሥራ ፕላስቲኩ ይከለክለዋል። በነጭ ሽንኩርት ምክንያት የጣቶቹ ጫፍ የሚቀላና የሚሰነጠቅ ሰው ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ቢያስቸግረውም ጓንቱን ባይተወው ይሻለዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስና ስለ አሠራሩ ፍትሐዊ ልሁን። በአንድ ዓመት ውስጥ አልዛገም፣ አልተቧጨረም፣ አላነሰም፤ የማያልቅ ነው መባሉ እውነት ነው። የቧንቧ ውሃ በማይኖርባቸው ቀናት በማንቆርቆሪያና በማስታጠቢያ ተጠቅሜበት ያው የለመድኩትን ያህል ሠርቷል፤ የሚያስፈልገውም ውሃ አረፋ ስለሌለው ከሳሙና ያነሰ ነው። ሽቶ የሌለው በመሆኑ የሽቶ ሳሙና ለሚያስነጥሰው ሰው ይስማማዋል። ጉድለቱ ደግሞ፣ የእኔ ዙሪያው ሁሉ ድቡልቡል ስለሆነ ጥፍር ሥር ሊገባ አለመቻሉ ነው። አንዳንዶቹ በአንድ በኩል ጥፍር ሥር የሚገባ ስስ ጠርዝ እንዳላቸው አይቻለሁ፤ የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለውን ይምረጥ። ሲረጥብ ያሟልጫል፣ ሴራሚክ ላይ ሲወድቅም ሴራሚኩን ይሰነጥቃል፤ የእኔን ሳህን ሰንጥቆብኛል። የቤት ልጆችም ሳሙና መስሏቸው እጃቸውን በእርሱ ብቻ ታጥበው ገበታ ሊቀርቡ ይችላሉ። ብረቱ ጀርም አያጥብም፤ ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ካልታጠበ አልታጠበም።

እንግዲህ በቤቱ ጭልፋና ማንኪያ ያለው ሰው ይህን ዕቃ እንዲገዛ አልመክርም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣልሽ ብሎ የጠየቃት ሴትም በእርሱ ፋንታ ስለቱን የሚይዝ ጥሩ ቢላዋና የቢላዋ መሳያ ብትጠይቅ፣ ገንዘቡ የሚወጣው እጅ ላይ የሚቀረውን ሽታ ከምንጩ ለሚቀንስ ነገር ይሆናል። የእኔው የብረት ሳሙና አሁን ከሙቀጫው አጠገብ ተቀምጧል። በሥራ መካከል፣ ገና ወጡ ሳይወጣ፣ ስልክ ለማንሣት ወይም የልጄን ፊት ለመጥረግ ስቸኩል አንሥቼ አሽቼበት እመልሰዋለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ዘይቱንና ጨውን አመጣለሁ።